የብራክስቢ ጧሪ

አባቴ መንደር ናቸው። እንግሊዝ አገር ይገኛሉ፤ አንድ ቤተ ክርስቲያን፣ አንድ ኩሬና ጥቂት የድንጋይ ቤቶች አሏቸው። ያየኋቸው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ለሽምግልና ተጠርተው ጣርማ በር ድረስ የመጡ ጊዜ።

ስለ ልጅነቴ ብዙ አልናገርም። ብርድ ነበር፤ ረሃብም ነበር። ጣርማ በር ላይ፣ መኪና ከሚያልፍበት የተራራ ዋሻ አፍ አጠገብ የመንገድ ሥራ ካምፕ ነበር፤ ለሠራተኛ ልጆች ሾርባ ይሰጣል ሲባል ሰምቼ ሄድኩ። ዘበኛው ጋሽ ኑርልኝ በሩ ላይ አስቆመኝ።

«ስምህ?»

«ጠና።»

«የአባት ስም?»

የአባቴን ስም የነገረኝ ሰው አልነበረም። ካምፑ ውስጥ ሲጠራ ሁሉም የሚሮጥለትን አንድ ስም ግን ከአጥር ውጭ ሆኜ ሰምቼ ነበር።

«ብራክስቢ» አልኩ።

ጋሽ ኑርልኝ ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ። «ፀሐዩ ክፉኛ አግኝቶሃል» አለና አስገባኝ።

ሚስተር ብራክስቢ የካምፑ መሐንዲስ ነበር። ረጅም፣ ቀይ፣ ዝምተኛ ፈረንጅ። ስሙን መውሰዴን ሲሰማ አልተቆጣም፤ አላቀፈኝምም። ባዶ የሬንጅ በርሜል አሳየኝ። እዚያ ውስጥ እየተኛሁ አደግኩ። በርሜል ነፋስ አያስገባም፤ ከዚህ ሌላ የምለው የለኝም።

ጎልማሳ ስሆን ሮለር ነጂ ሆንኩ፤ የግራዝማች አስፋቸውን ልጅ አሰገደችንም ወደድኩ። እሷም አልጠላችኝም። «ሬንጅ ሬንጅ ትሸታለህ፤ ቢሆንም መምጣትህን ከሩቅ አውቃለሁ» ትለኝ ነበር። ጋሽ ኑርልኝን ሽማግሌ ላክሁ።

«ሰባት ቤት ይቁጠር» አሉ ግራዝማች።

በእኛ አገር ሰባት ቤት ሳይቆጠር ጋብቻ የለም። እስከ ሰባተኛው አያት ድረስ የሥጋ ዝምድና ከተገኘ ነገሩ እዚያው ይቀራል።

ጋሽ ኑርልኝ «ጠና ብራክስቢ» ብሎ ጀመረ፤ እዚያው ላይ ቆመ።

«ብራክስቢ የማን ልጅ ነው?»

«ጠይቄ ልምጣ።»

ሚስተር ብራክስቢን ድንኳኑ ሄደን ጠየቅነው።

«ብራክስቢ የአባትህ ስም ነው?» አለው ጋሽ ኑርልኝ።

«የአባቴም፣ የአያቴም፣ የቅድመ አያቴም ነው።»

«ለሁሉም አንድ ስም? ምነው፣ አገራችሁ ስም ጠፋ?»

«የሰው ስም አይደለም። መንደር ነው።»

ከዚያ አስረዳን። ከብዙ ዘመን በፊት አንድ አያቱ ከብራክስቢ ወጥቶ ወደ ሌላ ከተማ ሄደ። እዚያ የሚያውቀው ሰው ስላልነበረ «የብራክስቢው» አሉት። ልጁንም እንደዚያው አሉት፤ የልጅ ልጁንም።

«መንደሩ ውስጥ የቀሩትስ?» አልኩ።

«እነሱ ብራክስቢ አይባሉም። እዚያ ሁሉም ሰው የብራክስቢ ነው፤ ማንን ከማን ይለያል? ስሙን የያዝነው ጥለን የሄድነው ነን።»

«ተመልሳችሁ ጠይቃችኋቸው አታውቁም?»

«ማናችንም» አለና ሻዩን አማሰለ።

ጋሽ ኑርልኝ ነገሩን ሳይጨምር ሳይቀንስ ለግራዝማች አደረሰ። ግራዝማች ጥቂት አሰቡ። «አባቱ መንደር ከሆኑ፣ መንደሩ ይምጡና ይቁጠሩ» አሉ። ካልመጡ አሰገደችን ለአንድ የሸዋ ሮቢት እህል ነጋዴ ሊድሯት ቆርጠዋል። መልእክቱን ለአንድ የጭነት መኪና ሾፌር ሰጠነው። ሾፌር የማይደርስበት የለም።

መንደሩ በታኅሣሥ፣ አዝመራው ከገባ በኋላ መጡ። የመጡት በዋሻው በኩል ነው። ዋሻው ጠባብ ስለሆነ ቤቶቹ በተራ አለፉ፤ የደወሉ ማማ ጎንበስ አለ። ከግራዝማች ቤት ጎን፣ የታጨደው የገብስ ማሳ ላይ ተቀመጡ። ዝናብ በእሳቸው ላይ ብቻ ይዘንብ ነበር። ለቆጠራው የተሰበሰቡት ሽማግሌዎች ብድግ አሉ።

«ኖር!»

«በእግዜር» አሉ መንደሩ። ድምፃቸው የሚወጣው ከትልቁ በር ነበር። አማርኛቸው የመንዝ ቃና ነበረው፤ የት እንደ ተማሩት አልጠየቅንም።

በጎቻቸው ከበጎቻችን ጋር ተቀላቀሉ። ይህን ማንም አላሰበበትም ነበር።

«ይቁጠሩልን» አሉ ግራዝማች።

«ጠና የብራክስቢ ልጅ ነው። እኔ የእርሻ ልጅ ነኝ። እርሻ የጫካ፣ ጫካ የረግረግ፣ ረግረግ የበረዶ፣ በረዶ የዝናብ፣ ዝናብ የባሕር።»

ግራዝማች በጣታቸው ተከተሉ። «ባሕርስ የማን ልጅ ነው?»

«እሱ ስምንተኛ ነው፤ አይጠየቅም» አለ ጋሽ ኑርልኝ ፈጠን ብሎ።

ግራዝማች የራሳቸውን ወገን ቆጠሩ። ከሁሉም መካከል ባሕርን ያየ እንኳ አልነበረም። «አንገናኝም» አሉ ደስ ብሏቸው። እኔ ከማሳው የድንጋይ ካብ ውጭ ቆሜ ነበር፤ ተነፈስኩ።

«አንድ ነገር ብቻ» አሉ ግራዝማች። «ጧሪ አለዎት?»

አንድ መስኮት ተከፍቶ ተዘጋ።

«ስሜን የያዙት ሁሉ ሄደዋል። ጣራዬን የሚያይልኝ የለም።»

«እንግዲያው አባቱን ላልጦረ ሰው ልጄን አልሰጥም።»

መንደሩ ወደ እኔ ዞሩ። ኩሬያቸው ሳይቀር ዞረ።

«ና፣ ጠና» አሉ።

ከዚያ በፊት ማንም ና ብሎኝ አያውቅም። እግሬ ካቡን ተሻገረ።

«አንተ! ወዴት ነው?» የሚል ጩኸት ከጓዳ ተሰማ። «እኔን ለነጋዴው ትተህ? ለመሆኑ ታላቅ ልጅ የላቸውም?»

«በሽምግልና ላይ ሴት ልጅ አትናገርም!» አሉ ግራዝማች።

«መች ተናገርኩ? ጠየቅሁ እንጂ» አለች አሰገደች።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ከዚያ ሁሉም ወደ ካምፑ አዩ።

ሚስተር ብራክስቢን ያገኙት በርሜሌ ውስጥ ነው። ክዳኑን ከውስጥ ይዞት ነበር።

«መንገዱ አላለቀም» አለ።

«መንገድ አያልቅም» አለው ጋሽ ኑርልኝ። «አባት ግን ያልቃል። ውጣ።»

ሚስተር ብራክስቢ ከኮቱ ላይ ሬንጁን ጠረገ፤ ባርኔጣውን አስተካክሎ በከባድ ቦት ጫማው እየረገጠ በትልቁ በር ገባ። በሩ ተዘጋ። ወዲያው አንዱ ጣራ ላይ የመዶሻ ድምፅ ተሰማ። መንደሩ መረቁን፤ በጎቻቸውን ለይተው በመጡበት ተመለሱ። በአንዷ ግን ተሳስተዋል፤ የወሰዷት የእኛን ነው። ማሳው ላይ በየቤቱ ቅርጽ የረጠበ መሬት ቀረ።

አሰገደችን አገባሁ። መንገዱን ሌላ መሐንዲስ ጨረሰው። የመጀመሪያ ልጃችን ደብሪቱ ትባላለች።

ጉም በወረደ ቀን ከዋሻው ውስጥ ደወል ይሰማል። ያን ጊዜ ደብሪቱ የያዘችውን ትታ ትነሣና ጫማዋን ትፈልጋለች።

«ወዴት ነው?» እላታለሁ።

«ጣራው ያፈሳል» ትላለች።

የእኛ ጣራ አዲስ ቆርቆሮ ነው፤ አያፈስም። ስለዚህ ጫማዋን ቀድሜ እወስድና በርሜሉ ውስጥ እከታለሁ፤ በርሜሉን ከካምፑ ያመጣሁት ለዚህ አልነበረም። ክዳኑን ገጥሜ እቀመጥበታለሁ። እሷ በባዶ እግሯ ደጃፉ ላይ ቆማ ትጠብቃለች። ደወሉ እስኪያቆም ድረስ ጫማዎቹ ከሥሬ ሲዞሩ ይሰማኛል።

ትናንት በርሜሉ ውስጥ፣ ከትንንሾቹ ጫማዎች ኋላ፣ የከባድ ቦት ጫማ እርምጃ ሰማሁ።