የአቢልዩ አፍንጫ

ኦዲልያ የጨው ዓሣውን ከነክሬሙ ከምድጃ ስታወጣ፣ አባቷ አቢልዩ ሳሎን ውስጥ የወይን ጠርሙስ ቡሽ ሲነቅል ሰማች። እሷ ያልቀመሰችውን ጠርሙስ ነው የከፈተው።

ወይን ጠማቂው ሽማግሌ ከሁለት ዓመት በፊት ትኩሳት ጥሎት ከተነሣ ወዲህ አፍንጫው ምንም አይለይም። ለማንም ትንፍሽ አላለም። ኦዲልያ ያወቀችው፣ አንድ ጠዋት ወተት አርሮ ቤቱ ሲከረፋ እሱ እዚያው ምድጃው አጠገብ ጋዜጣ ሲያነብ ስታገኘው ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንግዳ በመጣ ቁጥር ጠርሙሱን ጓዳ ውስጥ ከፍታ፣ አሽትታና ቀምሳ ታቀርባለች። እሱም አንድ ቀን እንኳ ለምን ብሎ አልጠየቃትም።

የዛሬዋ እንግዳ ወይዘሮዋ፣ ዶና ሌኦካድያ፣ ናት፤ ቪዜው ከተማ ስመ ጥር ምግብ ቤት አላት፤ ለዓመቱ የሚሆናትን ነጭ ወይን ልትመርጥ ነው የመጣችው።

ኦዲልያ ዓሣውን ይዛ ስትገባ የወይኑ ሽታ ከበር ተቀበላት፤ የረጠበ ካርቶን፣ ውሃ የገባበት ምድር ቤት። ቡሹ ወይኑን አበላሽቶታል። አባቷ ግን ብርጭቆውን አፍንጫው ሥር አሽከርክሮ ዓይኑን ጨፈነ።

"ቅቤ፣ የተጠበሰ ዳቦ፣ ትንሽ ቫኒላ" አለ። "ዘጠኝ ወር ከኦክ እንጨት በተሠራ በርሜል ውስጥ የተኛ ነው። ክሬም አይፈራ፣ የግልገል አሮስቶ አይፈራ! ይቅመሱት እንጂ፣ ዶና!"

ሌኦካድያ ከንፈሯን አስነክታ ብርጭቆውን አስቀመጠች። ዓይኗ ወደ ኦዲልያ ሄደ።

"አባዬ፣ ይሄኛውን ልቀይረው፤ ቡሹ ሳያበላሸው አልቀረም።"

"አንቺ ነሽ ደግሞ ወይን የምታስተምሪኝ?" ሳቀ፤ ጆሮው ግን ደም መሰለ። "ይቅርታ ያድርጉላት፣ ዶና። ሽንኩርት ስትከትፍ የኖረች ልጅ ከሽንኩርት ሌላ ምን ታውቃለች! የዚህ ቤት በርሜል የሚጠብቀው ወንድሟን ነው።"

ወንድሟ ቫልደማር ሉክሰምበርግ ከገባ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ግንበኛ ነው፤ የሚጠጣውም ቢራ ነው።

አቢልዩ የተበላሸውን ወይን ግጥም አድርጎ ጠጣና ደገመ። ኦዲልያ ጓዳ ገብታ ሌላ ጠርሙስ ከፈተች፤ አሸተተችው፤ ለእንግዳዋ ቀዳችላት። ሌኦካድያ ከዓሣው ጎርሳ፣ ከወይኑ ተጎንጭታ፣ ቀስ ብላ በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች።

ስትሄድ ኦዲልያን በር ላይ ያዘቻት። "ምግብ ቤቴ ውስጥ ለየምግቡ ወይን የሚመርጥልኝ ሰው እፈልጋለሁ። ነገም ቢሆን ነይ።"

"በርሜሎቹንስ ማን ያያቸዋል?"

"እሱን አባትሽ ይወቁበት።"

ኦዲልያ ስትመለስ አቢልዩ ባዶ ብርጭቆውን አፍጥጦ ያያል።

"ወይኑ ምን ምን ይል ነበር?" አላት በዝግታ።

"ሻጋታ ሻጋታ።"

"ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅሽው?"

"ወተቱ ካረረበት ቀን ጀምሮ።"

ኦዲልያ እጇን ትከሻው ላይ ልታሳርፍ ተጠጋች።

"እንግዲያው እንዲህ እናድርግ" አለ ቀና ብሎ። "አንቺ ጓዳ ሆነሽ አሽትተሽ ትነግሪኛለሽ፤ ለእንግዳ የምናገረው እኔ ነኝ። ቫልደማር እስኪመጣ ነው። ብቻ ሰው እንዳይሰማ!"

እጇን መለሰች። ሁለት ዓመት ሙሉ ሳትጠየቅ ያደረገችው ነገር ነበር፤ ሲጠይቃት ግን አንገቷ ላይ እንደ ቀንበር ወደቀባት። ሳህኖቹን ሰብስባ ወጣች።

በማግስቱ ጠዋት አቢልዩ ከምድር ቤት ተጣራ። "ኦዲልያ! ነይ እንጂ፣ በርሜሉን ከፍቼዋለሁ!"

ኦዲልያ ኮቷን ለብሳለች፤ የቪዜው አውቶቡስ ሊደርስ ነው። ለምሳው ዳቦና የበግ አይብ ቆረጠችለት፤ በፎጣ ሸፈነችው። እጇ እንደ ልማዱ ወደ ጠርሙሶቹ መደርደሪያ ተዘረጋ፤ አንዱን ነካ። እጇን መልሳ ሰበሰበችና ወጣች።