ለመርዶ ሁለት ሰው

«መጀመሪያ እህል ትቅመስ።»

«ጫማዋን ሳታወልቅ እንዳትነግሯት፣ አደራ።»

«ኧረ እኔ አልችልም! እናንተው ንገሯት።»

ሰርካለም ይህን የሰማችው ደሴ ሳሉ፣ ገና ነፍስ ሳታውቅ፣ ከመጋረጃ ጀርባ ተኝታ ነው። ማን ምን እንዳለ ዛሬ ለይታ አታውቅም። አንደኛው ድምፅ የአክስቷ ይመስላታል፤ ስለ ጫማው የተናገረውን ግን አንዳንዴ ወንድ ታደርገዋለች፣ አንዳንዴ ሴት። የአባቷን ሞት ለእናቷ እንዴት እንደሚያረዱ እየተማከሩ እንደነበር የገባት ካደገች በኋላ ነው።

ያቺ ሕፃን አድጋ አሜሪካ ገባችና አውሮራ በምትባል ከተማ ፖሊስ ሆነች። ከሐበሻ ሴት የቀደማት አልነበረም። በጣቢያው ጥቁር ሴት ራሷ በጣት የምትቆጠር ስለነበረች፣ የሰጧት የጥይት መከላከያ ለወንድ ደረት የተሰፋ ነበር፤ ብብቷን እየፋቀ ስንት ክረምት አሳለፈች። ባሏ የመታት፣ መኪናው የተሰረቀበት፣ እንግሊዝኛው የከበደው ሁሉ «ሰርኬን ጥሩልኝ» ይላል። ሲሰርግ ግን ሰርኬን የሚጠራ የለም።

ሰው የሸሻት በመርዶ ምክንያት ነው። የፖሊስ ሕግ መርዶ በስልክ አይነገርም ይላል። ሁለት ሰው ሆነው በር ያንኳኳሉ፣ ወዲያው ይናገራሉ። «አርፏል»፣ «ተለይቷል» አይባልም፤ ሞቷል ነው የሚባለው። ያልጠራ ቃል ለሰው ተስፋ ይሰጣልና ጭካኔው እሱ ነው ይላሉ። ሰርካለም ገና ጀማሪ ሳለች ዘሪቱ ለምትባል የአገሯ ልጅ የባሏን ሞት እንዲሁ ነገረቻት፤ ከሥራ እንደገባች፣ እበሩ ላይ። አብሯት የሄደው ፈረንጅ ባልደረባዋ ቆቡን ይዞ ከመቆም በቀር ቋንቋ አልነበረውም። ዘሪቱ ተንከባላ ደረጃው ላይ ወደቀች። «በቁሟ ገደለቻት» ተባለ። ከዚያ ወዲህ የሰርካለም መኪና አንድ ግቢ ከገባ መጋረጃው ሁሉ ይወርዳል።

የእድሩን ሊቀመንበር ጋሼ ሀይለማርያምን ስንት ጊዜ ለመነቻቸው። «ሁለተኛው ሰው እርስዎ ይሁኑልኝ» ስትላቸው፣ «እስቲ ይታሰብበት፣ ልጄ» ይሏታል። ሲታሰብበት ዓመታት አለፉ።

ዛሬ ጠዋት የጓደኛዋ የፀሐይ ልጅ ሊዑል ወደ ሥራው ሲሄድ በአውራ ጎዳናው ላይ በመኪና አደጋ ሞተ።

ፀሐይና ሰርካለም እንደመጡ እዚያው አጠገብ ግሌንዴል አንዲት ክፍል ተከራይተው፣ አንድ የክረምት ካፖርት በፈረቃ ይለብሱ ነበር። ሰርካለም ፖሊስ ልሆን ስትል ዘመድ ሁሉ ሲቃወም፣ ፀሐይ ናት የማይገባትን እንግሊዝኛ ከፈተናው መጽሐፍ ላይ እየተንተባተበች ጥያቄ ስትጠይቃት ያመሸችው። ሊዑል ጨቅላ ሳለ ሰርካለም ደረት ላይ ካልሆነ እንቅልፍ አይወስደውም ነበር። አለቃዋ ሌላ ሰው ልላክ ቢላት «እኔ እሄዳለሁ፤ ሁለተኛውን ሰው እዚያው አገኛለሁ» አለች።

ፀሐይ የምትኖርበት ሕንፃ ፓርኪንግ ስትደርስ ከሰዓት በኋላ ነበር። የእድሩ ሽማግሌዎች ሰምተው ቀድመዋታል።

«ጋሼ፣ የእሳት አደጋ መኪና ማለፊያ ላይ ነው ፓርክ ያደረጉት» አለቻቸው፣ የምትለው ቢጠፋት።

«ዛሬም ቲኬት? እንግዲህ ቅጪን!» አሉ ሀይለማርያም። አንዱ ሳቅ አለና ወዲያው አፍሮ መሬት መሬት አየ።

ምክራቸውን ጨርሰው ነበር የጠበቋት። ፀሐይ በምትሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ ባልደረባዋ የሆነችው ሮማን፣ «ቻርጅ ላድርግልሽ» ብላ ስልኳን ደብቃባታለች፤ ስትወጣም እሷው ትሸኛታለች። የፀሐይ ወንድም ፍቅረሥላሴ ማታ ከሲያትል ይገባል። ነገ ጎህ ሲቀድ፣ ዘመድ በተሰበሰበበት ትረዳለች።

«እስከዚያስ?» አለች ሰርካለም።

«ሊዑል ትንሽ አሞት ተኝቷል እንላታለን።»

«ሆስፒታል ውሰዱኝ ስትልስ?»

ይሄኔ የሰርካለም ስልክ ጮኸ። የሊዑል እህት አቢጊያ ናት፤ ሌላ ከተማ፣ ፎርት ኮሊንስ ነው ኮሌጅ የምትማረው። ሁሉም ይስሙት ብላ ድምፁን ከፈተችው።

«አንቲ፣ አውቄያለሁ። ሰዎች ፎቶውን ፖስት አድርገውታል። አይም ድራይቪንግ። ማሚን እኔ እነግራታለሁ።»

«አቢዬ፣ የኔ እናት፣ መኪናውን ጥግ አስይዢ። እያለቀስሽ አትንጂ። የሚነዳልሽ ጓደኛ ጥሪ።»

«ፕሊስ፣ አንቲ... ብቻዋን እንዳትሰማ።»

ልጅቷ ስልኩን ዘጋች። ሰርካለም ሀይለማርያምን በክንዳቸው ይዛ ራቅ አደረገቻቸው።

«ሰሙ አይደል? እናንተ ለነገ ስትቀጥሩ ልጇ ልታረዳት ነው።»

«ሰማሁ።» ቆባቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ። «ሰርኬ፣ ልንገርሽ። ጠልቼሽ አይደለም ስሸሽሽ የኖርኩት። ከፖሊስ ጋር መርዶ ይዤ ስገባ ካዩኝ፣ ነገ እኔንም ሲያዩኝ በር ይቆልፋሉ። ሰው በሩን ካልከፈተልኝ ምኑን ሽማግሌ ሆንኩት?»

«በኔ ላይ ከተቆለፈ ቆየ፣ ጋሼ።»

ሽማግሌዎቹ ወዳሉበት ዞር አሉ፤ ሰርካለም ግን ክንዳቸውን አልለቀቀችም።

«ባል አላገባሁ፣ ልጅ አልወለድኩ። በዚህ አገር ሳልደውል ሄጄ የምገባበት ቤት የፀሐይ ብቻ ነው። ዛሬ እሱም ይዘጋብኛል። አውቄው ነው የመጣሁት። የምለምንዎት ለራሴ አይደለም፤ ስትወድቅ የሚደግፋት፣ እግዜር ያጥናሽ የሚላት ሰው እንዲኖር ነው።»

የሮማን መኪና ሲታጠፍ ሽማግሌዎቹ እንደ ሌባ ጎረምሳ በየመኪናቸው ገብተው አጎነበሱ። ሀይለማርያም ብቻ አንድ ትልቅ ቫን ተከልለው ቀሩ። ሮማን ከመሪው ላይ እጇን ሳታነሳ ፊቷን ወዲያ አዞረች።

ፀሐይ በሥራ ልብሷ ወረደች። የሰርካለምን የፖሊስ መኪና አይታ የማትደነግጥ ሐበሻ እሷ ብቻ ነበረች።

«ሰርኬዬ! ዛሬ ደግሞ ማንን ልታስሪ ነው?» እየሳቀች እጇን አወዛወዘች። «ነይ ግቢ! ልብሴን ልቀይርና የምንቀምሰው አላጣም። ሊዑልም አሁን ይመጣል።»

በረንዳውን አልፋ ገባች። በሩን አልዘጋችውም፤ ለሰርካለም ክፍቱን ተወችላት።

ሰርካለም አንድ እርምጃ ተራመደችና ቆመች። ስንቱን በር ያንኳኳች ሴት፣ እዚያው በቆመችበት እንባዋ በጥይት መከላከያው ላይ ይወርድ ጀመር።

ሀይለማርያም ከቫኑ ጀርባ ወጡ። ፊታቸው አመድ መስሏል። አማተቡ፤ ከንፈራቸው ጥቂት ተንቀሳቀሰ። ከላይ ከየመስኮቱ ሰው እያየ እንደሆነ ያውቃሉ፤ ቀና ብለው አላዩም።

«ሕጉ ማን ይናገር ነው የሚለው?»

«እኔ ነኝ የምናገረው።»

«ምን ብለሽ?»

«ሞቷል ብዬ።»

በዚያ ቃል ፈንታ «ትንሽ አሞታል» ሲሉ የኖሩ ሰው ናቸው። ወደ ተከፈተው በር ዞሩ።

«አንቺ አትናገሪም» አሉ። «አንቺ አቅፈሽ ያዣት። ቃሉን እኔ እላታለሁ። ሳላድበሰብስ፣ ሞቷል ብዬ።»