ወርድ የሌለው መስመር

ኑርሀያት ጫማዋን በእጇ አንጠልጥላ፣ ሻሿ ትከሻዋ ላይ ተንሸራቶ፣ የጎረቤቷን የሽምብራ ማሳ ጥግ ይዛ እየሮጠች መጣች።

"ያ ረቢ፣ እትዬ ቦጋለች፣ ገመድ መጥቷል።"

ቦጋለች ለአረም ካጎነበሰችበት ቀና አለች። "የምን ገመድ?"

"የዚያን ጊዜው ዓይነት ነዋ። ካስማ እየተከሉ፣ እየወጠሩ ወዲህ ይመጣሉ። ነጭ ጋዋን የለበሰች ልጅ እግር ታዛቸዋለች። ገመዱን የያዙት ተማሪዎች ናቸው።"

ሌላ ሰው ቢሆን "ተማሪዎች" ሲባል ልቡ ይመለስ ነበር። የቦጋለች ግን ጭራሽ ቀጥ አለ። በመሬት ሽግሽጉ ዓመትም የገመዱን ጫፍ ያስያዙት ተማሪ ነበር።

ያን ጊዜ ባሏን ቀብራ ሐዘኗን በቅጡ አልጨረሰችም። በላዩ አክስቷ ሞተችና ለለቅሶ ውጫሌ ሄደች። ስትመለስ ከሐይቁ ወገን ያለው፣ በበጋ እንኳ እርጥበት የማይለየው ግማሹ መሬቷ ለሌላ ሰው ተለክቶ ጠበቃት። ጮኸች፣ አመለከተች። "ገመዱ ሲጣል መሬትሽ ላይ ማን ቆመ?" ነው የተባለችው። እውነትም ማንም አልቆመም ነበር። ከዚያ ወዲህ ሰርግ ይሁን ተዝካር፣ ከሠፈሯ ርቃ አድራ አታውቅም። ጎረቤቶቿ "ቦጋለች መሬቷን አገባች" ብለው ሲቀልዱባት አብራ ትስቃለች፤ ግን ንቅንቅ አትልም። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ።

አረሙን ከእጇ ጥላ እስከ ድንበሩ ገሰገሰችና የድንበሩ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች። ገመዱ ባዶውን የግጦሽ መሬት እያቋረጠ ይቀርባል። ከገመዱ በፊት የልጆቹ ድምፅ ደረሰ።

"መስመር የት ይቆማል?" ትላለች ባለጋዋኗ።

"የትም አይቆምም!" ይላሉ ልጆቹ።

"በወዲያኛው በኩልስ?"

"በወዲያም አይቆምም!"

ቦጋለች ድንጋዩ ላይ ተደላደለች። ያኛው ገመድ እንኳ ግማሹን ወስዶ ቆሞላት ነበር።

ከፊት ገመዱን የያዘችው ስህን የምትባል ረጅም ልጅ ናት። አሮጊቷን ድንጋዩ ላይ ስታያት ደንግጣ ቆመች። ከኋላዋ ያሉት ባለማየታቸው እርስ በርስ ተጋጩ።

"ከዚህ ወዲያ ሬሳዬን ተራምዳችሁ ነው" አለች ቦጋለች።

ባለጋዋኗ በጠመኔ የነጣ እጇን እየጠራረገች ቀረበች። ጸዳለ ትባላለች። ከደሴ ተመርቃ ከመጣች ገና ክረምት አልዞረባትም። "እማማ፣ ምን አጠፋን?"

"እስካሁን አላጠፋችሁም። ልታጠፉ ነው የመጣችሁት። ግማሹ ተወስዷል፤ የቀረኝ ይቺ ናት። ይኸው ቆሜያለሁ። አልቆመችም እንዳትሉ።"

"እኔ የሒሳብ አስተማሪ ነኝ፣ እማማ።"

"ያኔም ሒሳብ ነው ያሉት።"

ከልጆቹ አንዳንዶቹ ሳቁ። ጸዳለ ዞር ብላ ስታያቸው ሳቁ ተቆረጠ። ነገሩ አሁንም አልገባትም። ኑርሀያት ናት ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብላ ሽግሽጉን፣ ለቅሶውን፣ ባዶውን ማሳ ያጫወተቻት። ጸዳለ ስትሰማ ፊቷ ደም መሰለ። ተማሪዎቿን ሣሩ ላይ አስቀመጠችና ነጭ ጋዋኗን ሳታስብ ከቦጋለች እግር ሥር አፈሩ ላይ ተቀመጠች።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ። ከመሬት ልኬት ጋር የሚያገናኘን የለም። ዛሬ ጂኦሜትሪ መጀመራችን ነው። ያችን ካስማ አዩዋት? ነጥቡ ያለው እዚያ ነው ለማለት ተከልናት። ነጥብ ራሱ ርዝመት የለው፣ ወርድ የለው፤ ቦታውን ብቻ ነው የሚያመለክተው። ከካስማ እስከ ካስማ ያለው ደግሞ ጫፍና ጫፍ አለው። መስመር ሲሆን ግን በሁለቱም ወገን ዝም ብሎ ይሄዳል። ሰሌዳ ላይ ብስልላቸው ሰሌዳው ሲያልቅ መስመሩም ያለቀ መሰላቸው። ወደ ሜዳ ያወጣኋቸው ለዚህ ነው።"

ቦጋለች ፈጥና የምታምን ሴት አይደለችም። ገመዱን ከላይ እስከ ታች አየችው። የአህያ መጫኛ ነው፤ የሚለካ ሰው በዚህ እንደማይለካ ልቧ ያውቃል። ቢሆንም ልብና ሆድ አልስማማ አሏት።

"እስቲ ወርዱን ንገሪኝ። መስመርሽ ስንት ወርድ አለው?"

"ወርድ የለውም።"

"አንዲት ፈር እንኳ? ጎረቤት እያረሰ የሚገፋት ታህል?"

"የፀጉር ያህል እንኳ የለውም፣ እማማ።"

"እንዲያ ከሆነ በማሳዬ መካከል ቢያልፍ ከመሬቴ ስንት ይቀንሳል?"

ጸዳለ አፏን ልትከፍት ብላ ተወችው። ወደ ተማሪዎቿ ዞረች። "ማን ይመልስላቸዋል?"

ልጆቹ ተያዩ። ስህን ገመዱን እንደያዘች "ምንም አይቀንስም" አለች።

"ጎሽ። እስቲ ድገሚው።"

"ምንም አይቀንስም፣ እማማ ቦጋለች።"

ቦጋለች መቀነቷን አጠባበቀች፤ ፈታች፤ መልሳ አጠበቀች። እንባዋ መጥቶባት ነበር። ያን ዓመት ከቀበሌ ቀበሌ ስትንከራተት አንድ ሰው እንዲህ ቢላት ኖሮ እግሩን ትስም ነበር። አሁን ያለቻት ልጅ ናት፤ ያለችውም ስለ ሌላ ነገር ነው። ይሁን። ሰምታዋለች፤ ደስ ብሏታል።

ጸዳለ ተነሥታ ጋዋኗን አራገፈች። "በሉ ልጆች፣ ገብቷችኋል። ገመዱን ጠቅልሉት፤ የሰው እህል አንረግጥም።"

"ቆይ" አለች ቦጋለች። "እኔ ድንበር ላይ ስትደርሱ ከጠቀለላችሁት መስመሩ ቦጋለች ማሳ ላይ አለቀ ብለው ልጆቹ ይይዙታል። ኋላ ፈተና ላይ ቢጽፉትስ?"

የገመዱን ጫፍ ከስህን እጅ ተቀበለችና ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ወደ ማሳዋ ገባች። ገመዱ ሽምብራውን እንዳይነካ ከፍ አድርጋ ያዘችው። ልጆቹ ከኋላ እየለቀቁላት፣ እሷ እየሳበች ወዲያኛው ድንበር ደረሰች። እዚያ ገመዱ አለቀና መሬት ላይ አስተኛችው።

ተማሪዎቹ ዙሪያውን ዞረው መጡ። "ገመዱ ነው ያለቀው፤ መስመሩ ይቀጥላል" አለቻቸው ጸዳለ። "ውሃው ዳር ወርደን በየት በኩል ሐይቁን እንደሚሻገር እናያለን። እዚያው ስለ ጠለል እነግራችኋለሁ፤ ልክ እንደ ረጋ ውሃ ዝርግ ነው፣ ዳርቻ ግን የለውም። እማማ፣ አብረውን ይውረዱ?"

ቦጋለች ማሳዋን አየች። ገመዱ ከዳር እስከ ዳር ተዘርግቶበታል።

ኑርሀያት ጓደኛዋን ታውቃታለች። "አብሽሪ፣ አንቺ ሂጂ። እስክትመለሺ እኔ እቆምልሻለሁ።"

ቦጋለች የኑርሀያትን ክንድ ያዘች።

"መቆምሽ ምን ሊያደርግልኝ? አንቺም ነይ፣ አብረን እንየው" አለችና ልጆቹን ተከትላ ቁልቁለቱን ወረደች። ማሳው ላይ ማንም አልቀረም።