ለሃርም ያልዞረው ክንፍ

ሃርም ማክሰኞ ጠዋት ላሞቹን አልቦ ሲጨርስ ልቡ ቆመና ሞተ። ሚስቱ ኤልቼ ከሰዓት በኋላ በብስክሌት ወደ ታላቅ ወንድሙ ወደ ፍሬርክ መጣች። ገና በር ላይ ሆና፣

«ሐሙስ ነው የምንቀብረው» አለችው። «ክንፉን ታዞርለታለህ አይደል?»

«ይሄማ ምን ጥያቄ አለው!» አላት። አፉ ነው የመለሰው፤ እሱ ራሱ ክው ብሎ ነበር የቀረው።

በዚያ መንደር ከወፍጮ ባለቤቶቹ ቤተሰብ ሰው ሲሞት የፍሬርክ የነፋስ ወፍጮ አንዱ ክንፍ ከላይኛው ጫፍ ትንሽ አለፍ ብሎ ይቆማል፤ አስከሬኑ ሲያልፍ ሁሉም ቀና ብሎ ያየዋል። ወፍጮው እህል መፍጨት ከተወ ሠላሳ ዓመት ሆኖታል። ጡቡ ተሰነጣጥቋል፣ ጣሪያውን ርግብ ወርሶታል። ይቺን ሥራውን ግን አልተወም። ለአባታቸው ዞሯል፤ ከአምስት ዓመት በፊት ለእናታቸው ዞሯል። ታዲያ ለሃርም ካልዞረ ለማን ሊዞር ነው?

ችግሩን የሚያውቀው ፍሬርክ ብቻ ነው። ከአራት ዓመት በፊት አሮጌ ሕንፃዎችን የሚመረምረው የቅርስ ኮሚቴ ሊመጣ ሲል ክንፎቹን የሚሸከመው ግንድ ውስጡ መበስበሱን አየ። ይህ ከታወቀ ወፍጮው ይፈርሳል፤ አያቱ የሠሩት፣ እሱ የተወለደበት ወፍጮ! ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ሰጋቱራና ኮላ ለውሶ ቀዳዳውን ጠቀጠቀው፤ ከላይ ነጭ ቀለም ግጥም አድርጎ ቀባው። የኮሚቴዋ ሰብሳቢ ወይዘሮ ቦውከማ በጣሪያው መስኮት እጇን ሰድዳ ኳኳ አደረገችና «ጤነኛ ነው» ብላ ጻፈች። ከስንት ምልልስ በኋላም ዘንድሮ የጡቡና የጣሪያው ጥገና ለመጪው ጸደይ ተፈቀደ። ሠራተኞቹ ሲመጡ ግንዱንም ለምኜ አስለውጣለሁ ብሎ ነበር ያሰበው። በዕድሜው በአንድ ድንች ሰው አታሎ የማያውቅ ሰው፣ ለወፍጮው ሲሆን ዓይኑን በጨው አጠበ።

ሐሙስ ዕለት ጥቁር ኮቱን እንደለበሰ ወፍጮው ጣሪያ ድረስ ወጣ። በጣሪያው መስኮት ሴንጢውን ግንዱ ላይ ጫን ቢያደርገው እስከ እጀታው ድረስ ገባ። ቢሆንም ወደ ሰገነቱ ወርዶ ገመዱን ሳበና ክንፎቹን የሚይዘውን ፍሬን ለቀቀ። ክንፉ አንድ ክንድ ያህል ሄደ። ከላይ ቋ! የሚል ድምፅ መጣ፤ የቀለም ቅርፊት ትከሻው ላይ ረገፈ። ፍሬኑን በድንጋጤ መልሶ ያዘ።

በድልድዩ በኩል ሃርምን የተሸከሙት ስድስት ጎረቤቶች ብቅ አሉ። ኤልቼ ከኋላቸው፣ ልጆቿ፣ የልጅ ልጆቿ። መንገዱ የሚያልፈው ከክንፎቹ ሥር ነው።

ትንሽ ነው የቀረው፣ አለ በልቡ። አንዴ ላዙረው፤ አይተው ያልፋሉ፣ ማንም አያውቅም። ቢወድቅስ? ወንድሙን በቀብሩ ቀን ክንፍ መንሳት ሞት ሆነበት። ክንፉ ሰዎቹ ላይ ሲወድቅ ማሰቡ ግን አላስቻለውም፤ ደረጃውን በሩጫ ወርዶ መንገዱ መሃል እጁን ዘርግቶ ቆመ።

«ቁሙ! በዚህ እንዳታልፉ!»

«ምን ሆነሃል ሰውዬ?» አለ ከፊት የተሸከመው ቪርት። «ከብዶናል እኮ!»

«ግንዱ በስብሷል። በእርሻው በኩል ዙሩ።»

ወይዘሮ ቦውከማ ከለቀስተኛው መሃል ወጣች። «አቶ ፍሬርክ፣ እኔ ራሴ አይቼው የለም እንዴ? ጤነኛ ነው።»

«እርስዎ ያዩት ቀለሜን ነው። ሰጋቱራ ጠቅጥቄ ነው የቀባሁት። አታለልኩዎት።»

«እንዲህ ከሆነ መፍረሱ ነው» አለች ፊቷ ቀልቶ።

«አውቃለሁ።»

ተናገረውና ቀለል አለው። ወፍጮው አበቃለት፤ ግን ወንድሙ ፊት እውነቱን አውጥቷል። ኤልቼ ለዛሬው ብትቀየመው እንኳ ነገ ትረዳዋለች ብሎ አሰበ።

ኤልቼ ቀረብ አለችው። ክንፉን አላየችም። የምታየው እጇን የያዘችውን ትንሿን የልጅ ልጇን ፌምከን ነው።

«መቼ ነው የቀባኸው?»

«ከአራት ዓመት በፊት።»

«አራት ዓመት!» አለች። «ፌምከ ትምህርት ቤት የምትሄደው በዚህ ነው። በየቀኑ። አንተም እዚያ ደረጃ ላይ ቁጭ ብለህ ሰላም ትላታለህ።»

ኤልቼ ልጅቷን ወደ ጉያዋ ሳብ አደረገችና ተሸካሚዎቹን በእርሻው በኩል እንዲዞሩ ነገረቻቸው። ፍሬርክ ባርኔጣውን አውልቆ ሊከተላቸው ሲል ኤልቼ ዞር አለች።

«አንተ እዚሁ ቅር» አለችው።