የሦስት ቁጥሩ ቀይ ጨርቅ

ባሌን ሠራተኞቹ ከጀርባው «ኤክስፖርት» ይሉታል። ደህና አደራችሁ ሲል እንኳ ስለ ውጭ ገበያ አንድ ነገር ሳይጨምር አያልፍም። ታናሽ ወንድሙን፣ ዋርሳዬን ደግሞ «ሽንኩርቴ» ነው የሚሉት፤ ከአባታቸው በወረሱት መሬት ላይ ድርሻውን ሽንኩርት እያለማ ለከተማው ገበያ ያቀርባል። እኔ አበባው የሚታሸግበትን ክፍል አስተዳድራለሁ። እኔን ምን እንደሚሉኝ አላውቅም፤ ብሰማ ግን አልምራቸውም።

የዚያን ቀን ጠዋት ከውጭ ኢንቨስተር ሊመጣ ነበር። ገንዘቡን የሚያወጣው መሬቱ በሙሉ ጽጌረዳ እንዲሆን ሁለቱም ወንድማማቾች ከፈረሙ ብቻ ነው። ዋርሳዬ አልፈርምም አለ።

«ጋሼ፣ ሰው ጽጌረዳ አይበላም» አለው፣ ማሸጊያው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ እግሩን እያወዛወዘ። «እነዚያ አንድ ቀን ተነስተው አበባ በቃን ቢሉህስ? ሽንኩርት ግን እያስለቀሳቸውም ይገዙታል።»

ሳቄ አመለጠኝ። ባሌ ግን በቡጢ አፍንጫውን አለው። የአጥንቱን ድምፅ ሰማሁት።

«ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል አሉ! እኔን ሞኝ አደረግኸኝ?»

ዋርሳዬ ተነስቶ በጭንቅላቱ ሆዱን መታው። ተያይዘው አበባ የተነከረባቸው ባልዲዎች ላይ ወደቁ፤ ውሃው፣ እሾሁና ደሙ ተቀላቀለ። ባሌ የፕላስቲክ ሣጥን አንስቶ ወንድሙ አናት ላይ ሰበረው። መሃላቸው ስገባ የማን እንደሆነ ያላወቅሁት ክርን ከንፈሬን ሰነጠቀው።

ከዚያ ባሌ በድንገት በረደ። እጁን ወንድሙ ትከሻ ላይ ጣለ። «በቃ፣ ተወው። የእናቴ ልጅ አይደለህ? ይልቅ ሦስት ቁጥር ፕላስቲክ ቤት ውስጥ ቱቦ ፈንድቶ ውሃው እየፈሰሰ ነው፤ እንግዳው ጭቃ እንዳያይብን ናና ዝጋልኝ» አለና ይዞት ወጣ። ዋርሳዬ ደሙን በእጅጌው እየጠረገ ተከተለው። ቂም የሚባል ነገር አልፈጠረበትም፤ ይኼ ነገሩ ሁሌም ያናድደኝ ነበር። ያን ጊዜ ግን እግዜር ሳይደግስ አይጣላም ብዬ ተጽናናሁ።

ባሌ ብቻውን ተመልሶ የተሰባበረውን መልቀም ጀመረ። እኔ ወለሉን ስጠርግ የተባይ መድኃኒት ረጪው በር ላይ ብቅ አለ።

«እትዬ፣ ሦስት ቁጥር ላይ የሰቀልኩትን ቀይ ጨርቅ ማነው ያወረደው?»

ሥራችንን ለማያውቅ ልንገር። አበባው በፕላስቲክ ቤት ውስጥ ነው የሚያድገው። መድኃኒት የተረጨበት ቤት በር ላይ ቀይ ጨርቅ ይሰቀላል፤ ያ ጨርቅ እስኪወርድ የገዛ ልጅህ ውስጥ ሆኖ ቢጮህ አትገባም።

«መቼ ነው የረጨኸው?»

«አሁን፣ ጎህ ሲቀድ። ያንን ኃይለኛውን።»

ባሌ ስባሪ ሊያነሳ ጎንበስ ሲል ከኋላ ኪሱ የቀይ ጨርቅ ጫፍ ወጥቶ አየሁ። ዋርሳዬ ሚስት የለው፣ ልጅ የለው፤ ወራሹ ወንድሙ ብቻ ነው። አፍንጫው ደግሞ ተሰብሯል፤ የመድኃኒቱን ሽታ በምኑ ይለየዋል?

የአበባ መቁረጫውን መቀስ ይዤ ሮጥኩ። የሦስት ቁጥር በር ከውጭ በሽቦ ታስሯል። ሽቦው በጣት የሚፈታ አልነበረም፤ ስለዚህ መቀሱን ፕላስቲኩ ላይ ሰክቼ ወደ ታች ቀደድኩት። በቀዳዳው የወጣው አየር ዓይኔን አቃጠለው። ዋርሳዬ ያልፈነዳውን ቱቦ ታቅፎ በመደቦቹ መሃል ተደፍቷል።

ባሌ ደርሶ ፀጉሬን ከኋላ ጨመደደኝ። «ፕላስቲኩን! ጠግበሻል አንቺ? ሰውየው መንገድ ላይ ነው!»

«ወንድምህ እየሞተ ነው!»

ፊቴን ከብረቱ ምሰሶ ጋር አጋጨው። ደገመኝ። ሊሰልስ ሲል ዞሬ መቀሱን ክንዱ ላይ ሰካሁት፤ አጥንት ሲነካ ተሰማኝ። እንደ ከብት ጮኸ። አላዘንኩለትም። ረጪው ጭንብሉን አድርጎ በቀዳዳው ገባና ዋርሳዬን በብብቱ ጎትቶ አወጣው። አፉ አረፋ ይደፍቃል፤ እግሩ መሬቱን ይደበድባል። የጭነት መኪናችን ሹፌር ለአየር ማረፊያ የተጫነውን አበባ እያወረደ መሬት ላይ ወረወረና እሱን ጭኖ እዚያው አጠገባችን ወዳለው ሐኪም ቤት በረረ።

«አደጋ ነው» አለ ባሌ እያለከለከ። «ጨርቁን ነፋስ ወሰደው። ሰምተሻል? ነፋስ ነው። አሁን ፊትሽን ታጠቢ።» ይህን እያለ ደሙን ሊያቆም ነፋስ ወሰደው ያለውን ጨርቅ ከኪሱ አውጥቶ ክንዱ ላይ መጠቅለል ጀመረ። ምን እንደያዘ እንኳ ልብ አላለም።

ነጥቄው ወደ ትልቁ የግቢ በር ሮጥኩ። ካፈርኩ አይመልሰኝ! ከብረቱ ጋር ሳስር ደረሰብኝ፤ ወገቤን ረገጠኝ፣ ወደቅሁ፣ ተነስቼ ቋጠሮውን አጠበቅሁት። ሊፈታው እጁን ሲሰድ ነከስኩት። በዚህ መሃል የእንግዳው መኪና መጣ። ሰውየው ዕድሜውን ሙሉ የአበባ እርሻ ሲዞር የኖረ ነው። አንድ እግሩን አውርዶ ጨርቁን አየ፣ የኔን ፊት አየ፣ በመሐረብ አፍንጫውን ሸፍኖ ተመልሶ ገባ። መኪናው ወደ ኋላ ሄደ።

«ንጹሕ ነው! ግባ፣ ንጹሕ ነው!» እያለ ባሌ በአቧራው ውስጥ ተከትሎት ሮጠ።

ሲመለስ ከአጥሩ ሥር ዶማ አንስቷል። ዓይኑ ደም ለብሷል። «ዛሬ እኔና አንቺ እንተላለቃለን» አለ። መሮጫ አቅም አልነበረኝም፤ የበሩን ብረት ተደግፌ ጠበቅሁት። ዶማውን ሲያነሳ ስልኬ ጮኸ። ሹፌሩ ነበር። ሁለታችንም እንድንሰማው ድምፁን ለቀቅሁት።

«እትዬ፣ ተርፏል! ነቅቷል፤ ካላናገርኳት ብሎ ነው።»

ከዚያ የዋርሳዬ ድምፅ መጣ፤ ቀጭንና የተቆራረጠ። «እትዬ... ጋሼ እዚያ አለ? ቱቦውን ፍለጋ ሦስት ቁጥር እንዳይገባ... ንገሪው። ጨርቁ ወድቋል... ቶሎ ንገሪው።»

ዶማው አየር ላይ እንዳለ ቀረ።

«አልሰማህም መሰለኝ» አልኩና ስልኩን ወደ ባሌ ዘረጋሁት። «ድገምለት።»

ደገመለት።