ዘሚራ ጠርጋ የጣለቻት ክፍል

«ታዲያ ቀብሩ መቼ ነው?» አልኳት ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

ዘሚራ ፊቷን ከመዳፏ አንሥታ አየችኝ። «የምን ቀብር ጋሼ?»

ባለቤቴ ሀብትነሽ ነጠላዋን ለለቅሶ አዘቅዝቃ ከኋላዬ ቆማለች። እኔም ወደ ሞጣ በሚሄደው የመጀመሪያ ሚኒባስ ከሹፌሩ ጎን ወንበር አስይዤ መመለሴ ነው። ቢቸና መናኸሪያ ስምሪት ላይ ስለምሠራ ወንበር ማስያዝ አያቅተኝም። ጎረቤት በማለዳ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ሲያለቅስ፣ እናቱ ደግሞ ሞጣ ውስጥ ታማ ከሆነ፣ ሰው ሌላ ምን ያስባል?

«እናቴ ደህና ናት፤ አሁን ነው የደወልኩላት» አለች ዘሚራ። «የሞተው ላፕቶፑ ነው።»

ሀብትነሽ ነጠላዋን መልሳ አስተካከለች። «ለዕቃ ነው እንዴ ይህ ሁሉ?» ብላ ወደ ሽሮዋ ሄደች።

ነገሩ ግን የዕቃ ብቻ አልነበረም። ዘሚራ የሞጣ ጨርቅ ነጋዴዎች ልጅ ናት። ጤና ቢሮ ተቀጥራ እኛ ግቢ ከተከራየች ሦስት ዓመቷ ነው። የሕፃናት ክትባት መረጃ የምትይዝ እሷ ናት። የቢሮው ኮምፒውተር ከተበላሸ ስለቆየ ሁሉን በራሷ ላፕቶፕ ነበር የምትሠራው። እናቷ እትዬ ዑሙሰልማ ስኳር አለባቸው፤ ብቻቸውን ናቸው። ሁለት ዓመት ስትጠይቅ የኖረችው ዝውውር በመጨረሻ ተፈቀደላት። ሰኞ ጠዋት መልቀቂያዋን ይዛ ሞጣ ካልተገኘች ቦታው ለተጠባባቂው ያልፋል። መልቀቂያውን የሚጽፉት አለቃዋ አቶ ስጦታው ደግሞ የሦስቱን ዓመት መረጃ ሳይረከቡ ብዕር አያነሡም። ቀኑ ዓርብ ነው።

«ትናንት ማታ ደህና አልነበረም?» አልኳት።

«ደህና ነበር። ጓዜን ስሸክፍ እሱንም ላጽዳው ብዬ ነው።»

እዚህ ላይ ገባኝ። ዘሚራ ስታጸዳ አይቻታለሁ። ዝናብ እየመጣ እንኳ ግቢ ትጠርጋለች። ቤት የምትለቅ ተከራይ አልቤርጎ እንደሚከፍት ሰው ግድግዳ ስታጥብ ያየሁት እሷን ብቻ ነው።

ለዒድ ሞጣ በሄደች ጊዜ፣ እዚያ ኮምፒውተር የሚጠግነው የአክስቷ ልጅ ሙጀሂድ፣ ላፕቶፑ ላይ የነበረውን ዊንዶውስ አንሥቶ በቦታው ሊኑክስ የሚባል፣ ማሽኑን የሚያሠራ ሌላ ፕሮግራም ጭኖላት ነበር። ትናንት ታዲያ ዲስኩ እንደ ቤት በክፍል የተከፈለበትን ገጽ ከፍታ ስታይ አንዲት ትንሽ ክፍል አገኘች። ገልጣ ብታያት ውስጧ የዊንዶውስ ስም ያለበት ማኅደር አለ። የወጣ ተከራይ ትቶት የሄደ ዕቃ መሰላት። ሰረዘቻት። ላፕቶፑም ምንም ሳይል ሲሠራ አምሽቶ ተዘጋ። ጠዋት ቢበራ ጥቁር ስክሪን ላይ ሁለት መስመር ነጭ ጽሑፍ፤ የምነሣበት የለኝም ነው የሚለው።

ሙጀሂድ ዘንድ ደወልን። ስልኩን ድምፁ እንዲሰማ አድርጋ መሐላችን አስቀመጠችው።

«ስንት ሜጋባይት ነበረች?» አለ።

«መቶ።»

«ዘሚራ፣ እሷን ነው የሰረዝሽው?»

«የዊንዶውስ ስም አለባት። ዊንዶውስ ወጥቷል ያልከኝ አንተ አይደለህም?»

«ዊንዶውስማ ወጥቷል። ክፍሏ ግን የሱ አልነበረችም። ድሮ እሱ ይነሣባት ነበር፣ አሁን ሊኑክስ ይነሣባታል። ማሽኑ ሲበራ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ እሷ ነው። ማንን ላስነሣ፣ የትስ ነው ያለው ብሎ የሚጠይቀው እሷን ነው።»

«ታዲያ ስሙን ለምን አልፋቅከውም?»

«ማን ገልጦ ያያል ብዬ?»

እኔም ገባሁበት። «ሙጀሂድ፣ ፋንታ ነኝ። የሕፃናቱ ነገር ጠፋ?»

«አልጠፋም ጋሼ። እሱ ያለው ትልቁ ክፍል ውስጥ ነው። አልነካችውም።»

«ካለ ለምን አይከፈትም?»

«መኖሩን ለማሽኑ የሚነግረው ጠፍቶ ነዋ።»

ዘሚራ ራሷን ያዘች። «አለ ይለኛል፣ አይታይም ይለኛል። ወይ አለ በለኝ ወይ የለም በለኝ።»

ያን ጊዜ ነው የመናኸሪያችን ነገር ትዝ ያለኝ። «ስሚኝ» አልኳት። «አንድ ዓመት የድሮው የመኪና ማኅበር ፈርሶ አዲስ ማኅበር ገባ። በሩ አጠገብ ከጣውላ የተሠራች፣ አንድ ሰው ብቻ የምትይዝ የስምሪት ቤት ነበረች። የድሮው ማኅበር ስም ተጽፎባታል። አንድ ትጉህ ሰው፣ ማኅበሩ ከሄደ ይህች ምን ታደርጋለች ብሎ በመጥረቢያ አፈረሳት። በማግስቱ መኪናው ሁሉ አለ። ሹፌሩ አለ። ተሳፋሪው ከነዶሮው ተሳፍሯል። ግን ተራው የማን እንደሆነ የሚናገር፣ መውጫ ወረቀት የሚሰጥ የለም። እስከ ቀትር አንድ ጎማ አልዞረም።»

ዘሚራ አየችኝ። «መኪናው አልጠፋም እያሉኝ ነው።»

«ኧረ መኪናውማ እዚያው ተገትሮ።»

«እንደሱ በለኛ» ብላ ሙጀሂድ ላይ ጮኸች።

«እኔ የት አውቄ መናኸሪያ» አለ እሱ።

መፍትሔው ሊኑክስ ያለበት ፍላሽ ነው፤ ላፕቶፑ ለጊዜው ከፍላሹ ይነሣና ትንሿ ክፍል እንደገና ትሠራለች። ቢቸና ውስጥ የጠየቅነው ሁሉ ዘፈን የሞላበት ፍላሽ ነው ያለው። በስልክ ኢንተርኔት እናውርደው ብንል ለሰኞም አይደርስ። ሙጀሂድ የራሱን ፍላሽ በማስቲካ ወረቀት ጠቅልሎ ወደ ቢቸና ለሚመጣው ሚኒባስ ሹፌር ለሐብታሙ ሰጠው፤ ሐብታሙም ከሞጣ አራት ሰዓት ላይ ተነሣ።

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ደወልኩ። «ጉንደ ወይን ነኝ ጋሽ ፋንታ፣ ሁለት ሰው ነው የቀረኝ» አለ ሐብታሙ። ስድስት ሰዓት ላይ ደወልኩ። ሁለት ሰው ነው የቀረው። እኔም ሥራዬ ነውና ሁለት ሰው ማለት ስንት ሰው እንደሆነ አውቃለሁ። ዘሚራ መናኸሪያው በር ላይ ላፕቶፗን እንደ ሕፃን ታቅፋ ቆማለች። ፍላሹ ሲደርስ ስምንት ሰዓት ሊሆን ነው። ሙጀሂድ ደግሞ ጁምዓ ሰግዶ ስልኩን የከፈተው ስምንት ተኩል ላይ ነው።

«ፍላሹን ሰክተሽ ስታበሪው፣ ከፍላሹ የምታስነሣዋን ቁልፍ ቶሎ ቶሎ ተጫኚ» አላት።

«ተጫንኩ።»

«ዘግይተሻል። አጥፊና እንደገና።»

ትኋን እንደሚገድል ሰው ቁልፉን ስትወቅጠው ነበር። በስድስተኛው ጊዜ ፍላሹ ያዘ። ስክሪኑ በራ። ትልቁን ክፍል ከፈተችው፤ ክትባት የሚለው ማኅደር እዚያው ተቀምጧል። ዘሚራ አፍንጫዋን በሻሿ ጠረገች።

የቀረው ደግሞ የባሰ ነበር፤ መረጃው የሚከፈትበት ፕሮግራም የሚሠራው ላፕቶፑ በራሱ ሲነሣ ብቻ ነው። በተሰረዘችው ባዶ ቦታ ላይ አዲስ ትንሽ ክፍል ፈጠረች። ከዚያ ሊኑክስን የሚያስነሣው ፕሮግራም ወደ እሷ እንዲገባ ሙጀሂድ ትእዛዙን ፊደል በፊደል ያስጽፋታል።

«ክፍተት።»

«የት?»

«ከሰረዙ በፊት።»

«የትኛው ሰረዝ? ሁለት ናቸው።»

«ሁለቱም አንድ ላይ ናቸው፣ አትለያዪያቸው። ዘሚራ፣ ያየሽውን ሁሉ አትለያዪ፣ አትጥረጊ፤ የምልሽን ብቻ ጻፊ።»

«ምን አደረግኩህ አሁን?»

«እስካሁን ያደረግሽው ይበቃል።»

አሥር ሰዓት ከሩብ ላይ ፍላሹ ተነቀለ። ላፕቶፑ ጠፍቶ በራ። «ተነሣ?» አለ ሙጀሂድ ከሞጣ። ተነሣ።

ዘሚራ አመሰግናለሁ እንኳ ሳትል ወደ ቢሮ ሮጠች። አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ወረቀቷን በሁለት እጇ ይዛ ግቢ ገባች። አቶ ስጦታው መረጃውን በፍላሽ ተረክበው፣ ፈርመው፣ ማኅተሙን ሁለት ጊዜ መትተውታል፤ የመጀመሪያው ደብዝዞባቸው ነው አለች።

በረንዳው ላይ ተቀመጥን። እኔም ደስ ብሎኝ ነገሬን ቀጠልኩ። «ሞጣም ቤት ስትገቢ መጀመሪያ ጠይቂ። ስም ስላየሽበት ብቻ እንደዚያ እንደ መናኸሪያው ብልህ...»

«ጋሼ» አለች ዘሚራ ወረቀቷን እያጠፈች፣ «ያችን የስምሪት ቤት ያፈረሳት ግን ማን ነበር?»

የጫማዬን ክር ላጠብቅ ጎንበስ አልኩ።

ሀብትነሽ ከውስጥ ሽሮዋን እያማሰለች፣ «እኔ ማን እንደሆነ አላውቅም» አለች፤ «ጣውላው ግን ሁለት ክረምት ሙሉ ጥሩ ነዶልኛል።»