አንድ ለስምንት

ከንቲባው ከኋላዬ ቆሞ ሰዓቱን ያያል። ሰው እንዲህ ሲያደርግብኝ ደሜ ይፈላል።

«ጋሼ፣ ቶሎ ይበሉ እንጂ። ሰዉ ፀሐይ ላይ ነው» አለኝ።

«ከቸኮልክ መዶሻው ይኸውልህ፣ አንተው ምታው» አልኩት። ገና ወጣት ነው፤ እጁን ወደ ኋላ አጣመረ።

ጦርነቱ ሰፈሩን እንዳልነበር ካደረገው ወዲህ ሃያ ስድስት ቤተሰብ ትምህርት ቤት ውስጥ አንሶላ እየጋረደ ይኖራል። ሰኞ ትምህርት ስለሚጀመር ክፍሎቹ ዛሬ መለቀቅ አለባቸው። ማዘጋጃ ቤቱ ከመድፍ የተረፈውን ይህን ባለ ሦስት ፎቅ ሕንፃ ጠራርጎ፣ ጠዋት ዕጣ አውጥቶ ቁልፍ አደለ። መሐንዲሱ በጦርነቱ ስለሞተ ፍተሻው እኔ ላይ ወደቀ። ግንበኛ ነኛ! እኔ ካልፈረምኩ ማንም አይገባም።

ልጄ የሁለት ወር ወንድ ልጇን ታቅፋ ግቢው ውስጥ ትጠብቃለች። ሕፃኑን ሳል አልለቀው ብሏል። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሁለት ክፍል ሲደርሳት አልቅሳ እጄን ስማኛለች።

ታችኞቹን ፎቆች በደህና አለፍኩ። ሦስተኛው ላይ የእሷን ክፍል ግድግዳ ስመታው ልስኑ ተገመሰ፣ ከብሎኬቱ መሃል አሸዋ ይንዠቀዠቅ ጀመር። በጣቴ ፈተግኩት። መዶሻውን መሬት አስቀመጥኩ።

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይላሉ፤ የኔን ያወጣው መዶሻ ነው። ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት ይህን ግድግዳ የሠራሁት እኔው ነኝ። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ሲሚንቶ አጠረን፣ አለቃችንም በቶሎ ጨርሱ እያለ ቁም ስቅላችንን አሳየን። አንድ ባልዲ ሲሚንቶ በአራት አሸዋ መቦካት ሲገባው እኔ በስምንት አቦካሁት። ለሰንኩት፣ ቀባሁት፣ አማረ።

«ምነው ጋሼ?» አለ ከንቲባው።

ነገርኩት። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ስምንት ቤተሰብ ነው እዚህ ፎቅ ላይ። የት ልውሰዳቸው? ልጅዎ አለች እኮ።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሃያ ሁለት ዓመት ቆሟል። ለጥቂት ወር አይቆምም?»

እግዜር ይይልኝ፣ ልፈርም ብዕሩን ተቀብዬው ነበር። ከዚያ ያ ሕፃን ከዚህ ግድግዳ ሥር ተኝቶ ታየኝ።

በረንዳ ላይ ወጥቼ ወደ ግቢው ጮህኩ። «ሦስተኛ ፎቅ የደረሳችሁ እንዳትገቡ! ግድግዳው አይታመንም። ያበላሸሁት እኔ ነኝ።» ምን እንዳደረግኩም አልደበቅኳቸውም።

አንዷ እናት እዚያው መሬት ላይ ተቀመጠች። አንዱ ሰደበኝ፤ ስድቡ ይገባኛል። ከንቲባው ብዕሩን ከእጄ ወሰደና የማዘጋጃ ቤቱን የስብሰባ አዳራሽ ለስምንቱ እንዲያጸዱ ሰው ላከ።

ልጄ ሕፃኑን እንዳቀፈች ሦስቱን ፎቅ ወጥታ ፊቴ ቆመች። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር። አልጮኸችም።

«የእኛንስ ቤት በስንት ነው የሠራኸው?»

ለሠርጋቸው በገዛ እጄ የሠራሁላቸውን ቤት ማለቷ ነው። ባሏ በጦርነቱ ግድግዳው ተጭኖት የሞተው እዚያ ነው።

«በአራት» አልኳት። «በአራት ነው ልጄ። አንድም ባልዲ አሸዋ አልጨመርኩ።»

እውነቴን ነበር። ትመነኝ አትመነኝ አላወቅኩም፤ ሕፃኑን ወደ ሌላኛው ትከሻዋ አዛውራ ደረጃውን ወረደች።